ኖራ የነካው

ስሙን ሳትነግረኝ ሄደች፣ መምህርት ውዳላት፣
ዕቃዋን በጋሪ ጭና፣ ገና ሳይነጋላት።
ከደጄ አንድ ጀሪካን፣ ባንገቱ የተቆረጠ፣ ግማሹ ጥቁር አፈር፣
በአፈሩ ውስጥ ጭብጥ የማይሞላ ሥር፤
ላዩ ላይ ብጣሽ ወረቀት፦ «ፀሐይ እንዳትነካት አደራ፣
ውሃ አይጥፋባት፤ ሌላ የላትም ኪሳራ።»

ከማንጎው ግንድና ከሮቶው መሐል ተከልኳት፣
ጧትም ቀትርም ጥላ ከማይለቀው ደበቅኳት።
ሐይቁ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሲነፍስ
እርጥበቱ ሳይጠሩት መጥቶ ከጓሮዬ የሚፈስ።

አንድ ቅጠል፣ ከዚያ ሁለት፣ ቅርጿ እንደ ልብ፣ ሻካራ፣
አረንጓዴው ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነጭ፣ የተረጨ ኖራ።
የልጄ ባል አንሙት አጥሩን ቀብቶ ነበርና
በእሱ አሳበብኩ፤ እሱም አመነ፤ ጨርቅ አርሶ መጣና
በርከክ ብሎ አጠባት፣ አሸት አሸት አደረጋት።
አልለቅ አለው። «እማማ፣» አለኝ፣ «በሽታ ነው የያዛት፤
ይንቀሏት።»

አልመለስኩለትም። እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትኩ።
ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃጨርቁ ማቅለሚያ ክፍል አሳለፍኩ፤
ሰማያዊው ክር ከገንዳው ወጥቶ በክርኔ ላይ ሲወርድ፣
ጓንት የለ፣ ቀለሙ አይለቅ፣ እሑድ እንኳ ቤተስኪያን ስሄድ
ጥፍሬ ሰማያዊ ነበር። ኋላ ቀለሙ ሲለቅ
ቆዳዬም አብሮ ለቀቀ፤ ነጩ ከጣቴ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲዘልቅ
ዝም ብዬ አየሁት።
ባጃጅ ውስጥ ሰው ጠጋ ይልልኛል፤ ለደግነት አይደለም፣
እንዳልነካው ነው። አልቆጣም።
ፀሐይን ግን አልችልም፤
ነጩ ላይ ስትወጣ እሳት ናት። እሷም እንደኔ፦
ማንጎው የተገረዘ ዕለት፣ ባንድ ቀትር፣ በዓይኔ
ነጭ ነጩ ብቻ እንደ ወረቀት ሲቃጠል አየሁ፤
ሻሼን ፈትቼ ዳስ ጣልኩላት፣ እስኪመሽ አጠገቧ ቆየሁ።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ቀንበጥ ሙሉ አረንጓዴ መጣ፣
ነጥብ የሌለው፣ ወዛም፣ ከሁሉ በልጦ የወጣ።
መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጎረመሰ፣
የዝንጉርጉሮቹን ውሃ ጠጥቶ ቦታቸውን ወረሰ።
ቢላዋ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ጤነኛ መቁረጥ ያስፈራል፤
እጅ የለመደው የታመመውን መንቀል ነው፣ ደህናው ይቀራል።
ቆረጥኩት።
ለጎረቤት ፍየል ሰጠሁት።

መስከረም ገባ። የሐይቁ ዳር በአደይ ቢጫ ሲሆን
እኔ ከሮቶው ሥር፣ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ሳላምን፦
ከክር የቀጠነ ዘንግ፣ ምስር የሚያህል ሰማያዊ አበባ፣
ባንዱ ነጭ ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አሁን ገና የተቀባ።

ወይዘሮ አንጓች በአጥር አየች። «እንቦጭ!» ብላ ጮኸች፣
«ሐይቁን የበላው አልበቃ ብሎ ጓሮ ገባ!» እያለች።
ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ መረቡ በዚያ አረም ተተብትቦ
ስንት ቀን ባዶ ታንኳ ጎትቶ ገብቷል፣ ተርቦ።
አልፈርድባትም፤ በዚህ ዳርቻ ሰማያዊ አበባ ያስደነግጣል።
ጠራኋት። ገባች። «ይኼኛው፣» አልኳት፣ «እንቦጩን ይበላል፤
ባልሽ ከመረቡ የፈታው ያ ሁሉ በስብሶ፣ አፈር ሆኖ
ከሥሯ ነው ያለው።» ዝም አለች፣ አፏ ተከድኖ።

ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ እንዳትቀጥፈው ፈርቼ እጄን ሰደድኩ፣
ጣቷ በአበባው ፈንታ የኔን ነጭ ጣት ነካ። ጠበቅኩ።
አልሸሸችም።

«እንዲህ ያለ ሰማያዊ አቅልመሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።
ሃያ ስድስቱን ዓመት ገለጥኩት፤ ገንዳው፣ እንፋሎቱ ታየኝ፣
በቁጥር የምንጠራቸው ቀለሞች፣ ገመድ ላይ የሚንጠባጠበው ክር።
«አንድም ቀን፣» አልኳት።
ጎንበስ ብላ ደግማ አየች።
«ከሥሯ እከፍልልሻለሁ። ጥላ አለሽ?»
«ጀሪካን አለኝ፣» አለች።